ዳር ላይ የሚቆመው ወላጅ

(ይህ ጽሑፍ ሐዋሳ ውስጥ የተማሪዎች የቀዘፋ ክለብ ለማቋቋም ለተሰበሰቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወላጆችና መምህራን ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ድግግሞሹን ቀንሻለሁ፤ የባጃጅ ጥሩንባ ያቋረጠኝን ቦታ ከትዝታዬ ሞልቻለሁ።)

እንደምን አደራችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ በሕይወቴ መቅዘፊያ ጨብጬ አላውቅም። ዋናም ቢሆን የማውቀው ለክፉ ቀን ያህል ነው። ቀዘፋ ለመማር የመጣችሁ ካላችሁ አሰልጣኛችን እዚያ ጥግ ተቀምጧል፤ ሻይ ላይ ያዙት። እኔ የመጣሁት ስለ ዳሩ ላወራችሁ ነው። ልጆቹ ውሃ ላይ ሳሉ እኛ ወላጆች ዳር ቆመን ስለምንሠራው፣ ደግሞም እጃችንን መሰብሰብ ስላለብን ነገር።

እኛ እዚሁ ሐዋሳ የራሳችንን የተማሪዎች ቀዘፋ ክለብ ከጀመርን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ልጆቹን አሣ ልታስጠምዱ ነው?» አይደለም። አሣ የሚያሰግሩት ሐይቁ ዳር ካለው የአሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል አሉ፤ እነሱ ይበቃሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎችም ይመሰክራሉ።

ቀዘፋ ምንድን ነው ለሚል ሰው አጭሩ መልስ ይኸው። ሯጭ የሚሄድበትን ያያል። ብስክሌተኛም ያያል። ቀዛፊ ግን ለመድረሻው ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሄደው፤ ዓይኑ ያለው የተነሣበት ላይ ነው። ወደፊት የሚያየው ኮክስ የሚባለው ትንሹ መሪ ብቻ ነው። እሱ የሌለበት ጀልባ ላይ ደግሞ አንደኛው ቀዛፊ በየጊዜው አንገቱን እያዞረ ይመለከታል። በውድድር ጀልባ ላይ መቀመጫው በሐዲድ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ጉልበቱ በአብዛኛው ከእግር ነው የሚመጣው። «የእኔ ልጅ ክንዷ ቀጭን ነው» የምትሉ ክንዷን ተዉት። ኦሊምፒክ ላይ ርቀቱ 2,000 ሜትር ሆኖ ኖሯል፤ አሜሪካ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ 1,500 ይወዳደራሉ። እኛ 500 ላይ ነን፣ ያውም ቀጥ ብለን ከሄድን።

ይህን ስፖርት ያወቅሁት ቨርጂኒያ ነው፤ ከቤተሰቤ ጋር ጥቂት ዓመታት እዚያ ኖሬያለሁ። ትልቋ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል እንደገባች አንድ ቀን መጥታ «እማዬ፣ ክሩ ልገባ ነው» አለችኝ። «የምን ክር?» አልኳት። ለካ ክሩ የሚሉት የቀዘፋ ቡድን ኖሯል። የያዘችው ወረቀት አራት ገጽ ነበር። ስለ ልጁ የሚናገረው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ሦስቱ ስለ ወላጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ በነበርንበት ፌርፋክስ በሚባለው አካባቢ ቀዘፋ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ በጀት የሚሸፍነው ስፖርት አይደለም። ጀልባ የሚገዛው፣ አሰልጣኝ የሚቀጥረው፣ ኢንሹራንስ የሚከፍለው የወላጆች ማኅበር ነው። ውድድሩ ኦኮኳን በሚባል ግድብ ውሃ ላይ፣ ሳንዲ ረን በሚሉት ፓርክ ይካሄዳል። በመጀመሪያው ውድድር ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ብርድ ነው። በባትሪ መብራት ሰዎች ከተጎታቹ ላይ የጀልባ ገመድ ይፈታሉ። ስምንት ሰው የሚቀዝፈው ጀልባ 17 ሜትር ገደማ ነው፤ ከትልቅ አውቶቡስ ይረዝማል። ክብደቱ ግን 100 ኪሎ እንኳ ላይሞላ ስለሚችል ልጆቹ በትከሻቸው ተሸክመውት ይሄዳሉ። ድንኳን ውስጥ አንድ ጠበቃ ሽርጥ ታጥቆ እንቁላል ይጠብሳል። አጠገቡ አንዲት የጥርስ ሐኪም ስም ዝርዝር ይዛ ልጆች ትቆጥራለች። እኔ ድፎ ዳቦ ይዤ ሄጄ ነበር። እስከ ሦስት ሰዓት ማንም አልነካውም፤ «ይህ ምንድን ነው?» እያሉ ያልፋሉ። አራት ሰዓት ላይ አንዱ ልጅ ቀመሰ። አምስት ሰዓት ላይ ኮባው ብቻ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት ሥራዬ ዳቦ ሆነ ማለት ነው።

ያን ጊዜ ያየሁት ነገር አስደነቀኝ፤ ልቤንም ቅር አሰኘው። የሚያስደንቀው ግልጽ ነው። ቅር ያሰኘኝን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የእኛ ክለብ የተመሠረተው እዚያ ላይ ነው። በዚያ ወረቀት እያንዳንዱ ቤተሰብ በየወቅቱ የተወሰነ ሰዓት እንዲያገለግል ታዟል፤ ጊዜ የሌለው በምትኩ ገንዘብ ይከፍላል። መጀመሪያ ሳነበው ደግ ሕግ መሰለኝ። ሁለተኛው ዓመት ላይ የሚከፍለው በዛ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ሌሊት 11 ሰዓት ገመድ የምንፈታው ያው ስምንት ሰዎች ሆንን፤ የእኔ ባል፣ ጠበቃው፣ ሐኪሟ… ማኅበሩ ገንዘብ ነበረው፣ ሰው አልነበረውም። ጀልባ ደግሞ በብር አይሸከሙትም።

እኛ አገር ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ሁላችሁም እድር አላችሁ። ቀብር ላይ ብር ልኮ የቀረ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ስለዚህ ስንጀምር ደንቡን ከቨርጂኒያው ወረቀት ሳይሆን ከእድራችን ወሰድነው። ስም ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። በተራው ቀን የማይመቸው ተተኪውን ራሱ ፈልጎ ያመጣል እንጂ ብር አይልክም። ቅጣቱም ቢሆን ተራውን አያስቀርለትም፤ ከፍሎም በሚቀጥለው ሳምንት ይቆማል። እድር ጥሩንባ ነፊ አለው፤ የእኛ ጥሩንባ ቴሌግራም ነው። ቴሌግራም የሌላቸው ሁለት እናቶች አሉ፤ ለእነሱ ጎረቤት ልጅ ይላካል።

ይህን ስላችሁ ገና ከመጀመሪያው አዋቂ ሆነን የጀመርን እንዳይመስላችሁ። ደንቡ ወረቀት ላይ ነበር። ደንብ የሆነው ግን ከአንድ ቅዳሜ በኋላ ነው። ወደዚያ ቅዳሜ ከመሄዴ በፊት ስለ ሐይቁ ትንሽ ልበል።

ሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ትልቁ ቦታ ላይ 20 ሜትርን ይሻገራል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ይጠጋል። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። የገባው ሁሉ እዚያው ነው። ልጆቹ የውሃ መያዣ ፕላስቲክ ከጀልባ ሲጥሉ ካየሁ የምጮኸው ለዚህ ነው፤ ወንዝ ቢሆን «ይወስደዋል» ይባል ነበር፣ የእኛ ግን የትም አይወስደውም። (ይህ ከርዕሴ ውጭ ነው፤ ግን እድሉን ካገኘሁ አልተወውም።)

ጠዋት ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቃችን ዳር የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ውሃው መስታወት ነው። ከቀትር በኋላ ያለውንም ታውቁታላችሁ፣ ነፋሱ ተነሥቶ ማዕበሉ ድንጋዩን ሲመታ። ስለዚህ ልምምድ ጠዋት ነው። «እንግዲያው ገና ሳይነጋ 11 ሰዓት ይውጡ» ያለ አባት ነበር። ይህን ያለው ጉማሬውን ረስቶ ነው። ጉማሬ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ ያድርና ጎሕ ሲቀድ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ በእሱና በውሃው መካከል መገኘት ለማንም አይመከርም። ከዚህ የተነሣ ለእኛ የቀረችልን ጊዜ ጠባብ ናት። ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ፣ ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት አንወጣም፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ውሃ ላይ አንቆይም። ጉማሬ የሚውልበትን የሸምበቆ ዳር አሣ አስጋሪዎቹ አሳይተውናል፤ ወደዚያ አንጠጋም፣ ፎቶ ለማንሣትም ቢሆን።

ቨርጂኒያ የነበረው ፍርሃት ብርድ ነበር። በየካቲት ውሃ የወደቀ ልጅ ዋና ቢችልም ብርዱ ያደነዝዘዋል፤ ደንባቸው ሁሉ የተጻፈው ለዚያ ነው። ያን ደንብ ተርጉሜ ይዤ መጥቼ ነበር። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንድ መምህር አነበበውና «እትዬ፣ እዚህ ላይ ቢልሃርዚያ የሚል ቃል የለም» አለኝ። አፈርኩ። ልክ ነው። ሐይቃችን ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚወደው ሣርና ሸምበቆ ያለበትን ጥልቀት የሌለውን ዳር ነው፤ ተውሳኩ ከእሱ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ ይገባል። ስለዚህ ጀልባ የምናስገባው ሣር በሌለበት ጠጠራማ ቦታ ነው። የሚገፉት ልጆች ቦት ጫማ አላቸው። በየሴሚስተሩ ሰገራ ይመረመራል፤ የተገኘበት ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒቱን ይወስዳል። ይህን የሚከታተለው አንድ ነርስ አባት ነው። አሰልጣኙ የዚህ ሥራ ጊዜ የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም።

ጀልባውንም ላንሣ፤ ብዙ ሰው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። «ጀልባ የለንምና እንዴት እንጀምራለን?» የውድድር ጀልባ ከውጭ ለማምጣት አስበን አስልተናል። ትልቁ ኮንቴይነር ውስጡ 12 ሜትር ነው። ስምንት ሰው የሚይዘው ተቆራርጦ የሚገጠም ካልሆነ አይገባም፤ የአራት ሰውም ያስቸግራል። ሁለት ሰው የሚቀዝፈው 10 ሜትር ገደማ ስለሆነ ይገባል። ከዚያ ቀረጡ አለ፣ ማጓጓዣው አለ፣ ቢሰበር ማን ይጠግነዋል አለ። ስሌቱን አጣጥፈን አስቀመጥነውና ሐይቁ ላይ ለሚሠሩት ጀልባ ወደሚሠራው አናጢ ሄድን። እያንዳንዳቸው አራት ሰው የሚይዙ፣ ወገባቸው ሰፋ ያለ ሁለት የእንጨት ጀልባዎች ሠራልን። መቀመጫቸው አይንሸራተትም። ቅድም ያልኳችሁ የእግር ጉልበት እነዚህ ላይ ግማሹም አይሠራም፤ ልጆቹ እግር መግፋትን የሚማሩት ከአንድ ጂም በርካሽ በገዛነው አሮጌ የቀዘፋ ማሽን ላይ ነው። ጀልባዎቹ ከባድ ናቸው፣ ቀርፋፋ ናቸው፣ ስሕተት ግን ይቅር ይላሉ። ለጀማሪ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ።

የመጀመሪያው ዓመት፣ ሦስተኛ ወራችን ነበር። በዚያ ቀን የዳር ተራ የነበረው የሁለት ቤተሰብ ነው። አንደኛው የእኔ ነው። እኔ ከዘመድ ለቅሶ አድሬ ስለመጣሁ «ሌላኛው ይኖራል» ብዬ ቤቴ ተኛሁ። ሌላኛው አባት ደግሞ «እሷ መቼም አትቀርም» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። አሰልጣኙ ከአንዱ ጀልባ ጋር ነው፤ ያን ጊዜ ሞተር ጀልባ ተከራይተን ስለማናውቅ እሱም በእንጨት ጀልባ ይከተላቸው ነበር። ሁለተኛው ጀልባ ላይ አራት ልጆች ነበሩ፤ ትልቁ 17 ዓመቱ ነው። ነፋሱ ከወትሮው ቀደም ብሎ መጣ። አሰልጣኙ «ተመለሱ» ብሎ ሲጮህ አንደኛው ሰማ፣ ሁለተኛው አልሰማም። ዳር ላይ ሰው ቢኖር ያያቸው ነበር። ስልክ ይደውል ነበር፣ ፊሽካ ይነፋ ነበር። ማንም አልነበረም። ነፋሱ እየገፋ ወሰዳቸው። መቅዘፍ ትተው ጀልባው ውስጥ የሚገባውን ውሃ በጣሳ ይቀዱ ጀመር። ሁሉም ላይፍ ጃኬት ለብሰዋል፤ እሱን ብቻ ነው በትክክል ያደረግነው።

ያወጣቸው መረቡን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ይመለስ የነበረ አሣ አስጋሪ ነው። ገመድ ወርውሮላቸው እየጎተተ አመጣቸው። እኔ ተደውሎልኝ ስደርስ ልጆቹ አሞራ ገደል ዳር ተቀምጠው ትኩስ የአሣ ሾርባ ይጠጣሉ፤ ይስቃሉም፤ አንዱ ብቻ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሣ አስጋሪው እኔን አየኝና ቁጣም ሳይኖረው «እትዬ፣ ይህን ሐይቅ ጠዋት ብቻ ያየ ሰው አያውቀውም» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። መረቡን ማጠብ ቀጠለ።

በዚያ ሳምንት ስብሰባ ጠራን። ሁለት ወላጆች ልጆቻቸውን አወጡ፤ አልፈረድኩባቸውም። እኔ ተነሥቼ ተራዬን እንዳልጠበቅሁ ተናገርኩ፤ ቅጣቴንም ከፈልኩ። ያኔ ነው ዛሬ ድረስ ያለችው ደንብ የወጣችው፦ ሁለት የዳር ሰው በስም ተጠርቶ «አለሁ» ካላለ ጀልባ ውሃ አይነካም። አሰልጣኙ ቢለምን፣ ልጆቹ ቢያለቅሱ፣ ውድድር ነገ ቢሆን አይነካም። ባለፈው ዓመት አምስት ጊዜ ጀልባውን ሳናወርድ ልጆቹን ታቦር ተራራ አስሩጠን መልሰናቸዋል። ተራራውን የማይወዱት ልጆች አሁን ወላጆቻቸውን ራሳቸው ይቀሰቅሳሉ፤ ከእድር ቅጣት የበለጠ የሠራው ይኼ ነው።

ያ አሣ አስጋሪ ዛሬ ከኮሚቴያችን አንዱ ነው። ተማሪ ልጅ የለውም፣ ወላጅ አይደለም፤ ግን ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምንጠይቀው እሱን ነው። ነፋስ ከመድረሱ በፊት ውሃው ላይ ከሩቅ ጥቁር ጥላ የሚመስል ነገር ሲሄድ እንደሚታይ ያሳየን እሱ ነው። ጥላው በታየ ጊዜ ሰዓት አይታይም፤ ፊሽካ ነው። መረብ የተዘረጋበትንም ይነግረናል። በፊት መቅዘፊያችን ሁለት ሰው መረብ ቀድዶ ነበር፤ ከፍለናል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከአሣ አስጋሪዎቹ ጋር ያለን ነገር ሰላም ነው። እናንተም ስትጀምሩ ከስፖርት ቢሮ ደብዳቤ በፊት ወደ እነሱ ሂዱ እላለሁ። ደብዳቤውም ያስፈልጋል፤ ደብዳቤ ግን ገመድ አይወረውርም።

የዳር ሰው ሥራ ቀላል ይመስላል። ሲወጡ ይቆጥራል፣ ሲመለሱ ይቆጥራል። በመካከሉ ዓይኑን ከውሃው አያነሣም፤ ስልክ አይነካም፤ ለጓደኛው ቡና አይጋብዝም። አንዲት እናት «ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም ሳልሠራ መቀመጤ ነው የከበደኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሰው አይወደውም፤ ምክንያቱም መልካም የሆነ ቀን ምንም አይታይም። ዋናም እንዲሁ ነው፦ ማንም ልጅ ልብሱን እንደለበሰ 50 ሜትር ዋኝቶ፣ ከዚያ ውሃ ላይ አምስት ደቂቃ ቆይቶ፣ ላይፍ ጃኬቱን ውሃ ውስጥ ሆኖ ሳይለብስ ጀልባ አይወጣም። «የሐዋሳ ልጅ ዋና ያውቃል» የሚባለውን አትመኑ። ከመጀመሪያዎቹ 22 ልጆቻችን የዋናውን ፈተና በመጀመሪያ ቀን ያለፉት ዘጠኝ ናቸው።

ገንዘብ ላይ አልቆይም። መዋጮ አለ፤ መክፈል ያልቻለ ቤተሰብ ለገንዘብ ያዡና ለሰብሳቢው ብቻ ይናገራል፤ ሌላ ሰው አያውቅም። ሒሳቡ በየወሩ ይነበባል። ባንክ ቡኩ በሦስት ሰው ፊርማ ነው። ከስፖንሰር የመጣ ብር ላይ ሰንደቅ ተሰቅሎ ሥራ ሲቆም አይቻለሁና መጀመሪያ ተራችሁን አደራጁ፣ ብሩ ይደርሳል።

አሁን ሁላችሁ በልባችሁ ወደያዛችሁት ልምጣ፤ ማትሪክ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ሁላችንም ሰምተናል። ይህን የሰማ ወላጅ «ጀልባ ምን ያደርግልኛል?» ቢል ትክክል ነው። ቀዘፋ ማርክ ያመጣል ብዬ አልዋሻችሁም። ቨርጂኒያ አንዳንድ ወላጆች ልጃቸውን የሚያስገቡት ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ይረዳል ብለው ነው፤ ለአንዳንዱም ይረዳል። እዚህ ያ በር የለም። እኛ የወሰንነው ይህን ነው፦ ልምምድ በሳምንት ሦስት ጠዋት ብቻ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ከልምምድ ወጥቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ትንንሾቹን ይረዳል፤ ውጤቱ የወደቀ ልጅ መምህሩ እስኪፈቅድ ዳር ይቆያል። መምህራን እዚህ ያላችሁ፣ ይህን ሥልጣን ለእናንተ ነው የሰጠነው። አሰልጣኙ አይወደውም። እዚያ ጥግ ሆኖ ፊቱን ማየት ትችላላችሁ።

ስለ ሴቶች ልጆች ደግሞ። ኦሊምፒክ ላይ ወንዶች ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲቀዝፉ ሴቶች የገቡት በ1976 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ትምህርት ቤቶች ለሴቶች እኩል ዕድል እንዲሰጡ ካስገደደ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች የሴት ቀዛፊ ቡድን ከፈቱ፤ በልጄ ክለብ ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበዙ ነበር። የእኛ ችግር ሕግ አይደለም፣ የጠዋት መንገድ ነው። ስለዚህ ከየሰፈሩ አንድ ባጃጅ ተኮናትረን አንድ ወላጅ አብሮ ይሳፈራል። ልብሳቸው ረጅም ሱሪና ቲሸርት ነው፤ ሻሽ የምታስር ታስራለች፣ ለቀዘፋው አያግድም። አንድ ነገር ግን ያለ ድርድር ነው፦ ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሆንም። ባጃጅ ውስጥም፣ ዕቃ ቤትም፣ ሞተር ጀልባ ላይም። አሰልጣኙም፣ እኔም፣ የልጁ አጎትም። ይህን ስናወጣ የተቀየሙ ሰዎች ነበሩ። ይቀየሙ።

የቀን አቆጣጠሩንም ልንካ። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ነው፣ ከተማው ይሞላል፣ ልምምድ የለም። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጨምበላላ ላይም ልጆቹ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ናቸው። ጾም የያዘ፣ ረመዳን የያዘ ልጅ ጠንካራ ልምምድ አይሠራም፤ ኮክስ ይሆናል ወይም ማሽኑ ላይ በቀስታ ይቀዝፋል። ይህን የሚያወጣው ከየእምነቱ የተወከሉ እናቶች ናቸው፤ በአንድ ማታ ጨረሱት፣ ወንዶቹ ኮሚቴ ውስጥ ቢሆን ሁለት ወር ይፈጅ ነበር።

አሁን በጣም የሚከብደውን ልበል። ወላጅ ዳር ላይ ዓይን እንጂ አፍ የለውም።

ይህን የምለው ራሴ ስለበደልኩ ነው። ፊላደልፊያ ውስጥ ስኩልኪል በሚባል ወንዝ ላይ ከ1927 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ ስቶትስበሪ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር አለ። ሺዎች ልጆች ይመጣሉ። ልጄ የደረሰችበት ዓመት ወንዙ ዳር ቆሜ፣ ነጠላዬን እያውለበለብኩ ስሟን እየጠራሁ «በርቺ! ወገብሽን አቅኚ! ቀድመውሻል!» ስል ሮጥኩ። አማርኛዬን ከስምንቱ የሚሰማት እሷ ብቻ ናት። ከውድድሩ በኋላ ስታገኘኝ አላቀፈችኝም። «ድምፅሽን ስሰማ ዞር አልኩ፣ መቅዘፊያዬ ውሃ ውስጥ ተያዘ» አለችኝ። ስምንት ልጆች የአንድ ዓመት ልፋታቸው፣ የአንዷ እናት አፍ። እስከ ዛሬ ድረስ ዳር ስቆም ነጠላዬን አፌ ላይ አደርጋለሁ፤ ብርድ የሚመስላቸው አሉ።

እዚህም መጣ። የመቀመጫ ነገር። ጀልባ ላይ ከኋላ ጫፍ ተቀምጦ ለሁሉም ምት የሚሰጠው ቀዛፊ ስትሮክ ይባላል። አንድ ቀን አሰልጣኙ ለአንድ አባት ደውሎ በደስታ «ልጅዎ ዛሬ ስትሮክ ሆነ» ይለዋል። አባትየው ሆስፒታል ሊሄድ ባጃጅ ሲጠራ ጎረቤት ነው ያስቆመው። ሳቃችን ሳያልቅ ግን ሌላ ወላጅ መጣ፦ «የእሱ ልጅ ስትሮክ ሲሆን የእኔ ለምን ሦስተኛ ይቀመጣል? እኔ ነኝ ላይፍ ጃኬት የገዛሁት።» ለአሰልጣኙ ስልክ ሦስት ሳምንት ሙሉ። አሰልጣኙ ሊለቅ ነበር። ኮሚቴው የዚያን ወላጅ ብር መለሰ፤ ላይፍ ጃኬቱንም በክለቡ ገንዘብ ገዛነው። ልጁ አሁንም ይቀዝፋል። አባቱ ስድስት ወር ቆይቶ ተመለሰ፣ ዛሬ ማክሰኞ ማክሰኞ ዳር ይቆማል፤ ጥሩ ዓይን አለው።

«መጨረሻው ኦሊምፒክ ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሐማዱ ጂቦ ኢሳካ የሚባል የኒጀር ሰው ብቻውን ቀዘፈ። ኒጀር የባሕር በር የላትም። እሱም መቅዘፍ የጀመረው ከውድድሩ ሦስት ወር ገደማ በፊት ነበር። የመጨረሻ ወጣ፣ በብዙ ርቀት፤ ሕዝቡ ግን ቆሞ አጨበጨበለት። በዚያው ውድድር የደቡብ አፍሪካ አራት ልጆች በቀላል ክብደት ወርቅ ወሰዱ። ለልጁ ሁለቱንም ነገርኩት። «እኔ የሁለተኛዎቹን ነው የምፈልገው» አለኝ። «እንግዲያው ነገ 12 ሰዓት ተኩል አትዘግይ» አልኩት። ዘገየ።

ጥያቄ ካላችሁ ሻይ ላይ እንነጋገር። ከመውጣታችሁ በፊት ግን በሩ አጠገብ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። የእናንተን ክለብ የመጀመሪያ ሦስት ወር የዳር ተራ ጽፌበታለሁ፤ እኛም አብረናችሁ እንቆማለን። ቅዳሜዎቹ ሞልተዋል፣ ሰው ቅዳሜን ይወዳል። የማክሰኞ ሦስት፣ የሐሙስ አምስት ቦታ ባዶ ነው። እስክሪብቶው በክር ታስሯል፣ እንዳትወስዱት።